በሰኔ የተቆፈረ ጉድጓድ

አንድ ሰው ነበረ፤ እንጀራው የሌላውን ሰው ሥራ መመዘን ነበር። በአንድ ወረዳ የዕቅድና በጀት ኃላፊ ሆኖ ጠጉሩን አሸብቷል፤ ልጄ፣ አንተ ሰኞ ሥራ ጀምረህ በምትቀመጥበት ዓይነት ወንበር ላይ። ክፉ ሰው አልነበረም። ጉቦ አይበላም፣ ቢሮ አያረፍድም። ግን ከሰው ሁሉ አብልጦ የተሞላ ሠንጠረዥ ይወድ ነበር።

በዚያው ወረዳ ጉድጓድ የሚያስቆፍር አንድ የውሃ ባለሙያ ነበር። እሱ የሚያስቆፍረው በበጋ፣ መሬቱ በሚጨክንበት በየካቲት ነው። ውሃ ያገኘበትን በሲሚንቶ ያስገነባል፤ ያጣበትን ያስደፍንና የተረፈውን በጀት ይመልሳል። በሰኔ ግምገማ ታዲያ ሁልጊዜ መጨረሻ ይወጣል። ያቀደውን ያህል አልቆፈረማ! የተሰጠውን አልጨረሰማ!

«ደረቅ ጉድጓድ በሲሚንቶ ላስውብልዎ ነው?» አለ አንድ ቀን በስብሰባ መሀል።

«እኔ የማየው የታቀደውንና የተፈጸመውን ነው» አለ መዛኙ። ብዙም ሳይቆይ ባለሙያው ከቦታው ተነሣ።

በምትኩ የመጣው ሰው ነገሩ ቶሎ ገባው። በጋውን እጁን አጣጥፎ ተቀመጠና የበጀት መዝጊያው ሲደርስ፣ በሰኔ፣ ዝናቡ መሬቱን ሲያጨቀየው ማስቆፈር ጀመረ። በሰኔ የት ቆፍረህ ውሃ ታጣለህ? መዛኙ ካፖርቱን ደርቦ፣ ጭቃ እየረገጠ እያንዳንዱን ጉድጓድ አየ። ሁሉም ሞልቷል። ሙሉ ነጥብ ሰጠ፤ ወረዳውም ተሸለመ።

ከጉድጓዶቹ አንዱ በመዛኙ የትውልድ መንደር፣ በታላቅ እህቱ ደጃፍ ነበር። ወላጆቻቸው ሲሞቱ ያሳደገችውም ያስተማረችውም እሷ ናት። ከሩቅ ወንዝ ውሃ የምትጭንባት አንዲት አህያ ነበረቻት።

«እታለም፣ ከእንግዲህ ይቺን አህያ ምን ልታደርግልሽ ትቀልቢያታለሽ? ሽጪያት» አላት።

የወንድሟ ቃል ነውና ሸጠቻት።

በየካቲት ሊጠይቃት ሄደ። ቤቷ ተዘግቷል። የወንዙ ዳገት ላይ አገኛት፤ እንስራ አዝላ፣ ጎብጣ፣ ትንፋሿ እየተቆራረጠ። ጉድጓዱ ከደረቀ ሰንብቷል። አልወቀሰችውም።

«ባለፈው ስትመጣ እኮ ሞልቶ ነበር፣ ወንድምዓለም» አለችው፣ እንዳይከፋው ብላ።

እንስራውን ተቀብሎ እስከ ቤት ተሸከመ። ትከሻው ሲቃጠል አፈረ፤ ከልቡ አፈረ። ዘንድሮ እውነቱን እጽፋለሁ ብሎም ለራሱ ማለ።

ሰኔ ደረሰ። ብዕሩ በእጁ ነው። እነዚያ ጉድጓዶች በበጋ ይደርቃሉ ብሎ ቢጽፍ፣ አምና ሙሉ ነጥብ የሰጠው ማን ነው ሊባል ነው። ወደ ዞን የሚያሳድገው ሹመትም ፊርማ ብቻ ቀርቶታል። በመስኮት ወደ ውጭ ተመለከተ። ዝናቡ ይወርዳል፤ ጉድጓዶቹ እንደገና ሞልተዋል። «አሁን ውሃ አላቸው» አለ ለራሱ። ሙሉ ነጥብ ሰጠ።

እሱ ዞን ገባ። እህቱ ዛሬም ወንዝ ትወርዳለች።

እንግዲህ ልጄ፣ «ሥራ መሠራቱን በምን አውቃለሁ?» ብለህ ጠይቀኸኛል። ጉድጓዱ ጠረጴዛህ ላይ የሚቀመጥልህ ሪፖርት ነው፤ ዝናቡ ደግሞ የግምገማው ሰሞን። በዚያ ሰሞን ሁሉም ሞልቶ ይጠብቅሃል። አንተ በየካቲት ሂድ፤ ማንም ሳይጠብቅህ ባልዲህን ጣልና ድምፁን ስማ። የሰማኸውን ከጻፍክ ከወንበርህ ሊያነሡህ ይችላሉ፤ ይህን አልደብቅህም። ያን የውሃ ባለሙያ ከቦታው ምን እንዳስነሣው ነግሬሃለሁና። ካልጻፍክ ደግሞ ወንበሩ ይቆይልሃል፤ እንስራውን ግን ያሳደገችህ ሴት ትሸከምልሃለች።