ሽማግሌ ፊት ዝም ያለው አብራሪ

አንድ ጨዋ ልጅ ነበር፣ ይትባረክ የሚባል። ጨዋነቱን ሰፈሩ ሁሉ ይመሰክርለታል። ትልቅ ሰው ሲገባ ከመቀመጫው ይነሳል፣ ሲናገሩ ዐይኑን መሬት ላይ ይተክላል፣ ቃል አይመልስም። አባቱ አቶ ጥሩነህ እንዲህ አድርገው ነው ያሳደጉት። «ትልቅ ሰው ቢሳሳት እንኳ የሚያርመው እግዜር ነው፣ አንተ አይደለህም» ይሉት ነበር። እሱም እሺ አለ። እሺ ማለት ደግሞ፣ ልጆቼ፣ አንዴ ከለመዱት ሲወጣ እንኳ አይታወቅም።

ይህ ልጅ አውሮፕላን ማብረር ተማረ። እንዴት ያለ ከባድ ትምህርት መሰላችሁ! ግን ጨረሰው፤ የጽሑፉንም ፈተና አለፈ። ተቀጥሮ መንገደኛ ጭኖ ለመብረር የቀረው የቃል ፈተና ብቻ ነበር። ሰፈሩማ ምኑን ይጠብቃል? ገና ሳይቀጠር «ካፒቴን» ብሎት አረፈ። ፀጉር አስተካካዩ እንኳ «ካፒቴን፣ ዝቅ ብለህ ስትበር የኛን ቆርቆሮ እንዳታነሳብን» እያለ ይቀልድበት ነበር።

ቀኑ ደረሰና ገባ። ፈታኙ ሽበታቸው የሚያስፈራ፣ ብዙ ዘመን ያበረሩ ሽማግሌ ካፒቴን ናቸው።

«እንግዲህ አብረን እየበረርን ነው» አሉት። «የማበርረው እኔ ነኝ፣ አንተ ረዳቴ ነህ። ደመናው ምንም አያሳይም። እኔ ወደ አሥር ሺህ ጫማ ከፍታ ልወርድ ነው። ምን ትለኛለህ?»

ይትባረክ ካርታውን አየ። ከፊታቸው ያለው ተራራ ከዚያ በላይ ነው። መልሱን ያውቀዋል፤ ምላሱ ጫፍ ላይ ደርሷል። ቀና ሲል ግን ያንን ሽበት አየና ዐይኑን ሰበር አደረገ።

«እርስዎ ካሉ ይሆናል፣ ካፒቴን።»

«እርግጠኛ ነህ? ልውረድ?»

«እርስዎ ይሳሳታሉ ብዬ አላስብም።»

ሽማግሌው ብዕራቸውን አስቀመጡ። «በል እንግዲህ፣ ተራራው ላይ ተላትመን ሁላችንም ሞተናል። ከነመንገደኞቻችን። እኔ እንድታድነኝ እንጂ እንድታከብረኝ መች ፈለግኩ? ስትወጣ በሩን ዝጋው፣ ልጄ።»

ወደቀ። እናቱ የቤታቸው በር ላይ ቆማ ጠበቀችው።

«እንዴት ሆንክልኝ? እልል ልበል?»

ምን ይበላት? «ዘመድ ያለው አለፈ፣ እማዬ» አላት።

ወይ ይቺ ቃል! እንዴት እንደምትሞቅ! እናት አለቀሰች፣ አባት «እኔስ መች አጣሁት!» ብለው ፎከሩ፣ ጎረቤት ከንፈር መጠጠ። «ለመሆኑ ምን ጠየቁህ?» ያለው አንድም ሰው የለም። ብቻውን ሲሆን ግን የሽማግሌው «ሞተናል» ይመጣበታል። እሱን ለማባረር ውሸቷን ያሳድጋታል። መጀመሪያ የባለሥልጣን ልጅ ነው የገባው አለ። ኋላ ደግሞ ጥያቄውን ለባለዘመዶቹ አስቀድመው ሰጥተዋቸዋል አለ። ደጋግሞ ሲያወራው እሱም ወደ ማመኑ ተቃረበ።

የጎረቤት ልጅ አለች፣ ትርሲት የምትባል። እሷም እዚያው የበረራ ትምህርት ቤት ተምራ ያንኑ ፈተና ስትጠብቅ ነበር። አንድ እሑድ እነይትባረክ ቤት ቁጭ ብላ ሳለ አቶ ጥሩነህ መከሯት።

«በከንቱ አትልፊ፣ ልጄ። የኔን ልጅ ያላሳለፉ አንቺን ያሳልፋሉ? እነሱ ዘመድ እንጂ ዕውቀት አይፈትኑም።»

ልጅቷ አንገቷን ደፋች። ይትባረክ አየና አላስችል አለው።

«አባባ፣ ተሳስተዋል።»

እንዲህ ያለ ቃል ከዚያ ልጅ አፍ ወጥቶ አያውቅም።

«ማነው የተሳሳተው?»

«እርስዎ። ያሳሳትኩዎት ግን እኔ ነኝ። በዘመድ የጣለኝ የለም። መልሱን እያወቅኩ፣ ሽማግሌ ፊት አይሆንም ማለት አቅቶኝ ነው የወደቅኩት።»

አቶ ጥሩነህ አፈጠጡበት። «ይሄን አፍ ያን ቀን የት ጥለኸው ነበር?»

«እርስዎ ዘንድ ነዋ፣ አባባ። ከልጅነቴ ጀምሮ እርስዎ ዘንድ ነበር።»

አባት ተነስተው ወደ ጓዳ ገቡ፤ እናትም ተከተለቻቸው። ይትባረክ ወደ ትርሲት ዞረ።

«አንቺ ሂጂ። ሲሳሳቱብሽ ተሳስተዋል በያቸው። የሚፈልጉት እሱን ነው።»

ትርሲት ከመቀመጫዋ ተነሳች።

«የፈተና ቀጠሮዬ ያለፈው ሐሙስ ነበር» አለች። «ያንተን የዘመድ ወሬ ሰምቼ ቀረሁ።»

ነጠላዋን ሰብስባ ወጣች።

እንግዲህ ልጆቼ፣ መውደቅስ ይወደቃል፤ ማን ያልወደቀ አለ? ይትባረክ ፈተናውን ሲወድቅ የወደቀው ብቻውን ነበር። ውድቀቱን በውሸት ሲሸፍን ግን የሰው ልጅ ይዞ ወደቀ። የራስን ጥፋት መዋጥ ይመራል፣ አውቃለሁ። አምናችሁ ዋጡት። የተፋችሁት እንደሆነ ሌላ ሰው ይረግጠዋል።

እኛ ትልልቆቹም ከዚህ አናመልጥም። ልጅ ዝም ሲልልን አከበረን ብለን ደስ ይለናል፤ ወደ ገደል ስንሄድም ያው ዝም ይለናል። እስቲ ልጠይቃችሁ፦ ቤታችሁ ውስጥ «ተሳስተዋል» ያላችሁ ልጅ አለ? ምን ብላችሁ መለሳችሁለት?