የመልካው ሕግና የእሜቴ ዳለቻ ጭነት

አንድ ጊዜ ነው አሉ፤ አያ አንበሶና አያ ነብሮ በአንዲት ጨዋማ ምንጭ ተጣሉና ጦር ተማዘዙ። አንበሳው «ምንጯ የአያቴ ናት!» ይላል፤ ነብሩ «የለም፣ የቅድመ አያቴ ናት!» ይላል። አያቶቹ እንደሆነ ሞተዋል፤ ማን ይጠየቅ? በየቀኑ ከምንጯ አጠገብ ባለ ገደል ሥር ይገጥማሉ፤ በየቀኑም አንዱ ጆሮውን፣ ሌላው ጅራቱን ጥሎ ይመለሳል።

ከአንበሳው ደን በስተጀርባ አንድ ለምለም ሜዳ ነበረ፤ የአህዮች፣ የበጎች፣ የቆቆችና የኤሊዎች አገር ነው። ከሜዳው ግርጌ ወንዝ ይፈሳል፤ ከወንዙ ማዶ የነብሩ አገር ነው። ወንዙ ጥልቅ ስለሆነ በዚህ በኩል መሻገሪያው አንድ መልካ ብቻ ነው። ነብሩ ያንን መልካ ከተሻገረ የአንበሳውን ጀርባ አገኘ ማለት ነው፤ አንበሳውም ከተሻገረ የነብሩ ግልገሎች ዋሻ ደጃፍ ላይ ቆመ ማለት ነው። የሜዳው ሕዝብ ምን ዓይነት ቦታ ላይ እንደ ተቀመጠ አያችሁልኝ? ዝሆኖች ሲጣሉ የሚጎዳው ሣሩ ነው ይባል የለ፤ እዚህ ደግሞ ሣሩም የእነሱ፣ ሣር በሊታውም እነሱ!

ስለዚህ ጦርነቱ በተጀመረ በሦስተኛው ቀን ተሰበሰቡና መከሩ። ሽማግሌው አባ ኤሊ አንገታቸውን ቀስ ብለው አወጡና እንዲህ አሉ፦

«ልጆቼ፣ ከዛሬ ጀምሮ ከእኛ ወገን ለማንም የሚዋጋ የለም። የአንበሳም ይሁን የነብር ጭፍራ በመልካችን አያልፍም። ለመኝታ የሚሆን ሣርና ጭድ ለአንዱ ካደረስን ለሌላውም እናደርሳለን። የጦር መሣሪያ ግን በማናችንም ጀርባ ላይ አይጫንም። ይህን ያፈረሰ፣ የማንም ልጅ ይሁን፣ ጦርነቱ እስኪያልቅ ከሜዳው ወጥቶ በድንጋያማው ኮረብታ ይቀመጥ!»

«ይቀመጥ!» አለ ሕዝቡ። በጎቹማ ምን እንደ ተባለ በቅጡ ሳይሰሙ ሁለት ጊዜ ጮኹ።

ሁለቱም ነገሥታት ሕጉን ሰምተው እንደሚያከብሩት ማሉ። ለምን አይምሉ? የየራሳቸው ጀርባ የሚጠበቀው በዚሁ ሕግ ነው። ለመልካው ጠባቂነትም እሜቴ ዳለቻ ተመረጠች። ዳለቻ ግራጫ አህያ ናት፤ ጆሮዋ ረጅም፣ ትዕግሥቷ ከጆሮዋም የረዘመ። ግልገሎችና ውርንጭሎች በመልካው ዳር ሲቦርቁ ስታይ ደስታዋ ወሰን አልነበረውም፤ ሌላ ነገር ከፈጣሪ አትለምንም ነበር።

ይህ ሰላም ያንገበገባቸው ሁለት ነበሩ፦ ቀበሮና አያ ጅቦ።

«አያ ጅቦ፣ ያንን ሜዳ አየኸው?» አለ ቀበሮ።

«አየሁት እንጂ! አህዮቹ እንዴት እንዴት ሰብተዋል መሰለህ!»

«ሕጉ እስካለ ድረስ የአንዷንም ጆሮ አትቀምስም። ነብሩ በመልካው ከገባ ግን ሜዳው ጦር ሜዳ ይሆናል። በጦር ሜዳ ላይ ደግሞ ማን ማንን በላ ብሎ የሚጠይቅ የለም። በጎቹ ለእኔ፣ አህዮቹ ለአንተ።»

«በል እንሂድ!» አለ ጅቡ ለሃጩን እያዝረበረበ።

«ቆይ እንጂ አንተ ሆዳም! መጀመሪያ ሕጉ ይፍረስ።»

ቀበሮ ጊዜ አላጠፋም። አንበሳው ዘንድ ሄዶ «ጌታዬ፣ የነብር ጭፍሮች በሚረግጡት መንገድ ላይ የሚበተን የጃርት እሾህ ላምጣልዎት፤ እንዴት እንደማመጣው ግን አይጠይቁኝ» አለው። አንበሳውም አልጠየቀም። ቀበሮ ከጃርቶች ጉድጓድ ዙሪያ የወዳደቀውን እሾህ ሁሉ ለቀመ፤ በጭድ ጠቀለለና አጥብቆ አሰረው። ከዚያ ፊቱን አሳዝኖ ወደ ዳለቻ መጣ።

«እሜቴ ዳለቻ፣ የአያ አንበሶ እናት በጠና ታመዋል። መሬቱ ቆርቁሯቸው ሲያቃስቱ ያድራሉ። ይህችን የመኝታ ጭድ ያድርሱልኝ፤ በእናትዎ!»

ጭድ መሣሪያ አይደለም፤ ባለፈው ሳምንት ለነብሩም ደርሶለታል። ዳለቻ ጀርባዋን ሰጠች። አህዮች ደግሞ አንድ ወግ አላቸው፤ የተጫኑትን «ምንድን ነው?» ብሎ መጠየቅ ነውር ነው። «እኛ ተሸካሚ እንጂ መርማሪ አይደለንም» ይላሉ፤ በዚህም ይኮራሉ።

ዳገቱን እኩሌታ እንደ ወጣች አንድ ነገር ጎኗን ጠቅ አደረጋት።

«ውይ! ጭድ እንዲህ ይወጋል እንዴ?» አለችና ቆመች። ጠረጠረች፤ እውነቱን ለመናገር በደንብ ጠረጠረች። ዞር ብላ ጭነቱን አየችው። ግን «ዳለቻ የባዕድ ጭነት ፈታች» መባሉን ፈራች። ጥርሷን ነክሳ ሄደች፣ አራገፈች፣ ተመለሰች።

በማግስቱ ጠዋት ከወንዙ ማዶ መሬቱ ተንቀጠቀጠ። ነብሩ ጭፍራውን አስከትሎ መልካው አፋፍ ላይ ቆሟል! ግልገሎቹ ወደ እናቶቻቸው ሮጡ፤ ቆቆቹ ብር ብለው ተነሡ።

«ዳለቻ!» ብሎ አገሳ ነብሩ። «ሕጋችሁ የታለ? ትናንት የጃርት እሾህ ተሸክመሽ ለአንበሳ አድርሰሻል! ቀበሮ በዓይኑ አይቷል!»

ቀበሮ ከነብሩ ኋላ፣ ከቁጥቋጦው ሥር፣ ራሱን ከፍ ዝቅ እያደረገ ያረጋግጣል። አይ ቀበሮ! በሁለት ቢላዋ መብላት እንዲህ ነው።

«ውሸት ነው በይው!» አሉ በጎቹ ከዳለቻ ኋላ በሹክሹክታ። እሷ ግን የተወጋው ጎኗ ገና ይቆጠቁጣታል።

«እውነት ነው፤ ተሸክሜያለሁ» አለች። «ጭድ ነው ተብዬ ነው። ሲወጋኝ ግን ጠርጥሬ ዝም ብያለሁ፤ ጥፋቱ የኔ ነው።»

«እንግዲያውስ ሕጉ ፈርሷል! እሻገራለሁ!»

«ይቆዩ ጌታዬ! ያ እሾህ ገና አንድም መዳፍ አልወጋም። ያልወጋ እሾህ ይለቀማል። እስከ እኩለ ቀን ይታገሡኝና ከአያ አንበሶ እጅ መልሼ አመጣዋለሁ።»

ነብሩ ሳቀ፤ ጭፍራው ሁሉ አብሮት ሳቀ። «ከአንበሳ እጅ? አንቺ? በይ ሂጂ! ፀሐይዋ አናቴ ላይ ስትደርስ ግን እግሬ ውሃው ውስጥ ነው።»

ዳለቻ ዳገቱን በሩጫ ተያያዘችው። አህያ ስትሮጥ አይታችሁ ታውቁ ይሆናል፤ እንደዚያን ቀን ግን አላያችሁም! ድንጋዩ ከኮቴዋ ሥር እየተፈናጠረ፣ ጆሮዋ ወደ ኋላ ተለጥፎ፣ ቁና ቁና እየተነፈሰች አንበሳው ፊት ደረሰች። ጭነቱ እንደታሰረ አጠገቡ ተቀምጧል።

«ምን ፈልገሽ መጣሽ?» አላት።

«ትናንት ያመጣሁትን ልወስድ፣ ጌታዬ።»

አንበሳው አንድ ጊዜ አገሳ። ዳለቻ ግን አልሸሸችም።

«ጌታዬ፣ ሊበሉኝ ይችላሉ፤ ነገር ግን አስቀድመው ይስሙኝ። ነብሩ መልካው ላይ ቆሟል። ይህ እሾህ እዚህ ካደረ እሱ ይሻገራል፤ ከተሻገረ ደግሞ የሚመጣው በእርስዎ ጀርባ ነው፤ እናትዎና ደቦሎችዎ በሚተኙበት በኩል። እስከ ዛሬ በዚያ በኩል ዘብ አቁመው ያውቃሉ? አያውቁም! የእርስዎ ዘብ የእኛ ሕግ ነበር። አንድ ጭነት እሾህ ይሻልዎታል ወይስ ጀርባዎ?»

ይህን ጊዜ የአንበሳው እናት አንድ ትልቅ አጥንት እያኘኩ ከዋሻው ብቅ አሉ።

«እሜቴ፣ ተሻለዎት?» አለች ዳለቻ ሳታስበው።

«ከምኑ?»

«ታመዋል፣ ይህም የመኝታዎ ጭድ ነው ብሎኝ ነው ቀበሮ ያሸከመኝ።»

«እኔ? ሟርተኛ! እኔን አልጋ ላይ አስተኝቶ ነው ጦር የሚነግደው?» ብለው ወደ ልጃቸው ዞሩ። «አንተስ ብትሆን በማን ጀርባ እንደ መጣ ሳትጠይቅ ትቀበላለህ? ስጣት አሁኑኑ!»

አንበሳ ንጉሥ ነው፤ ከእናቱ ፊት ግን ልጅ ነው። ጭነቱን በገዛ መዳፉ አንሥቶ ጫነላት።

«ውሰጂው። ለነብሩ ብታካፍይው ግን ወዮልሽ!»

«ለማንም አልሰጥም፣ ጌታዬ» አለችና ቁልቁል ከነፈች።

ቀበሮ ዳለቻን ተከትሎ ይህን ሁሉ ከሩቅ እያየ ነበር። በአቋራጭ ሮጦ ጅቡን ቀሰቀሰው። «ተነሥ! አህያዋ በዚህ ታልፋለች፤ ይዘህ ብላት! መልካው ካልደረሰች ሜዳው የኛ ነው!»

ጅቡ መንገዱ መሃል ተገተረ። ዳለቻ ስትደርስ ዘሎ ሊይዛት ሲል ግን አፍንጫው አንድ ነገር ሸተተው። ጭነቱ አንበሳው ዋሻ አድሮ ሥጋ ሥጋ ይላል!

«አሃ! የአንበሳን ሥጋ ጭድ ውስጥ ደብቃ ነው!» አለ።

«አህያዋን ያዝ አንተ ደንቆሮ!» ብሎ ጮኸ ቀበሮ።

«አህያዋማ የትም አትሄድ! ሥጋውን አስቀድሜ አህያዋን አስከትላለሁ!» አለና ጅቡ አፉን እስከ ጆሮው ከፍቶ ጭነቱን ገመጠው።

«ዋይ! ዋይ! ዋይ! ሥጋው ነከሰኝ! ሥጋው ነከሰኝ!»

ምላሱ ላይ እሾህ፣ ከንፈሩ ላይ እሾህ፣ አፍንጫው ላይ ጺም የመሰለ እሾህ። እየተንከባለለ ሲያለቅስ ዳለቻ በላዩ ዘላ አለፈች። ቀበሮ እጁን በአፉ ጭኖ ቀረ።

መልካው ላይ ፀሐይዋ አናት ላይ ልትደርስ ምንም አልቀራትም። ነብሩ የፊት እግሩን ውሃው ውስጥ ነክሮታል። አባ ኤሊ ብቻቸውን ከፊት ለፊቱ ቆመው «ገና ነው ጌታው፣ ገና ነው» ይላሉ።

«መጣች! መጣች!» አሉ ቆቆቹ ከዛፉ ላይ። ዳለቻ አቧራ ለብሳ ከች አለች፤ ጭነቱንም መሬት ላይ ዘረገፈችው።

«ይኸው ጌታዬ፣ ቀበሮ ጭድ ነው ብሎ ያሸከመኝ እሾህ! ጥቂቱ አያ ጅቦ አፍ ውስጥ ቀርቷል፤ ሌላው በሙሉ ይኸው።»

ነብሩ እሾሁን አየ፤ ዓይኑም በራ። «ጥሩ! እንግዲህ ግማሹን ስጪኝ። ሕጋችሁ ለሁለቱም እኩል ነው አይደል?»

«ስጪውና ይሂድልን!» አሉ በጎቹ።

«እኩል ያልነው ሣርና ጭዱን ነው» አለች ዳለቻ። «ጥፋትን ለሁለት ማካፈል ማስተካከል አይባልም፤ ሁለት ጊዜ ማጥፋት ነው።» ይህን ብላ ዞረችና በኋላ እግሮቿ አንዴ፣ ሁለቴ ረገጠችው። እሾሁ በሞላ ወንዙ ውስጥ ገባ፤ ወራጁ ውሃ ጠራርጎ ወሰደው።

ሜዳው በእልልታ ተናወጠ! በጎች ጨፈሩ፣ ውርንጭሎች ተንከባለሉ፣ ቆቆች ጉሮሯቸው እስኪነቃ ጮኹ። ቀበሮንማ ማን ያግኘው? ከአንበሳም ከነብርም የተጣላ መድረሻው የት እንደሆነ እንጃ፤ አቧራው ብቻ ቀረ።

በዚህ ሁሉ ደስታ መሃል ዳለቻ አባ ኤሊን ጠጋ ብላ «አባ፣ ፍርዱስ?» አለቻቸው።

«የምን ፍርድ?»

«መሣሪያ የተሸከመ ከሜዳው ይወጣል ብለን የለ?»

ጭፈራው ቀጥ አለ። «አይሆንም! እሷ እኮ አገር አዳነች!» ብሎ ሕዝቡ ተንጫጫ። አባ ኤሊ ዓይናቸው እንባ ሞልቶ «ልጄ፣ እኛ ይቅር ብለናል፤ ተይው» አሏት።

«እናንተ ይቅር ብትሉ ማዶ የቆመው እያየን ነው» አለች በአፏ እየጠቆመች። እውነትም ነብሩ ገና አልሄደም። እግሩን ከውሃው አላወጣም፤ ጆሮውን አቁሞ ያዳምጣል። «ሕጉ ለእኔ ከላላ ለእሱ እንዴት ይጠብቃል፣ አባ?»

ውርንጭሎቹን አንድ በአንድ አሸተተችና ወደ ድንጋያማው ኮረብታ መውጣት ጀመረች። አልቅሳለች፤ ግን ወደ ኋላ አልዞረችም። ነብሩ የኮረብታው ጫፍ እስክትደርስ ድረስ ዓይኑን ሳይነቅል አያት። ከዚያ እግሩን ከውሃው አወጣና አራገፈው፤ ጭፍራውንም «ተመለሱ፤ ይህ መልካ ባለቤት አለው» አላቸው። ጦርነቱ እስኪያልቅም ከሁለቱ ወገን አንድም መዳፍ ያንን ውሃ አልነካም።

ከዚህ የምንማረው፣ ከባዕድ ጠብ ራሱን በሕግ የሚጠብቅ አገር ሕጉን ጉልበተኛ ጎረቤት የሚያከብርለት፣ አስቀድሞ በሚወደው ልጁ ላይ ሲያጸናው መሆኑን ነው።