ሦስት መቶ ላይ የታሰረው ቀለበት

አንድ ሰው ማማ ላይ ተቀምጧል። ወደ ከፋ ግድም ነው። በቆሎው እሸት ይዟል፤ ከርከሮ ደግሞ የእሸት ወዳጅ ነው። ሰውየውን አገሬው ጋሽ ሽመክት ይለዋል። ተኩሶ አይስትም ተብሎ፣ ቀበሌው ከወረዳ ፈቃድ አውጥቶለት፣ የመንደሩን ማሳ ሁሉ እንዲጠብቅ ሾሞታል። ሹመት ደስ ይላል፣ አይደል? እሱም ደስ ብሎታል።

ጠመንጃው ላይ መነጽር የገጠመለት ጎረቤቱ ሃምሳ አለቃ ጥሩነህ ነው፤ ጡረታ የወጣ ወታደር። መነጽሩ ላይ የሚዞር ቀለበት አለ። ቀለበቱ ላይ መቶ፣ ሁለት መቶ፣ ሦስት መቶ የሚል ተጽፎበታል።

«ስማኝ ሽመክት» አለው ሃምሳ አለቃው። «ጥይት ሩቅ ሲሄድ ይወርዳል። ስለዚህ ለሩቁ አፈሙዙ ቀና ማለት አለበት፤ ቀለበቱ የሚያደርገው ይህንኑ ነው። መጀመሪያ ርቀቱን ገምት፣ ከዚያ ቀለበቱን አዙር፣ ከዚያ ቃታ ሳብ። ከመቶ ሜትር ለቀረበ ደግሞ መነጽሩን ተወውና በድሮው፣ በአፈሙዙ ላይ ባለው የብረት ማነጣጠሪያ አነጣጥር።»

«ገባኝ፣ ገባኝ» አለ ሽመክት። ገባኝ ያለ ሁሉ ገብቶታል እንዴ፣ ወገኖቼ?

በማግስቱ ከወንዙ ማዶ፣ ሦስት መቶ ሜትር ላይ፣ ቅል ሰቀሉለት። ቀለበቱን ሦስት መቶ ላይ አድርጎ ተኮሰ። ቅሉ ብትንትኑ ወጣ! እልልታው ቀለጠ። ሽመክት ሸለለ፣ ፎከረ። ከዚያ ቤቱ ገብቶ ምን ያደረገ ይመስላችኋል? ቀለበቱ ከሦስት መቶ እንዳይነቃነቅ በክር ጠቅልሎ አሰረው፤ በላዩም ሰም ቀባበት። እልል ያስባለው ቁጥር ነዋ!

ከዚያ ወዲያ ማማው ላይ ሆኖ ማዶ ማዶውን ብቻ ያያል። የእነ እገሌ አጥር ዘሟል። የእነ እገሌን ማሳ አረም ውጦታል። ሁሉንም ያውቃል፤ ለሁሉም ይናገራል።

ሚስቱ ብርቄ ከማማው ሥር ቆማ ትጣራለች። «አንተ ሽመክት! ከርከሮው በጓሯችን በኩል ቀዳዳ አበጅቷል። ዛሬም ሁለት ትልም ሙሉ እሸት ጨረሰብን። የዓመት ቀለባችን እኮ ነው! ወርደህ እይልኝ።»

«ቆይ፣ ማዶውን ልጨርስ» ይላታል።

አሥራ አምስት ቀን ለመነችው። አሥራ አምስት ቀን «ቆይ» አላት። ስንቶቻችን ነን «ቆይ» እያልን ያረጀነው?

አንድ ቀን ሲነጋጋ ከርከሮው መጣ። ከማዶ አይደለም፤ በሽመክት በራሱ ጓሮ! መቶ ሃምሳ ሜትር እንኳ አይሞላም። ሽመክት የከርከሮው ትከሻ ላይ አነጣጠረና ቃታውን ሳበ። ጥይቷ ለሦስት መቶ የተዘጋጀች ናትና ከከርከሮው ጀርባ በላይ አልፋ ሄደች። ሄዳስ የት አረፈች? ጓሮው ዛፍ ላይ ዝቅ ብሎ በተሰቀለው በራሱ የንብ ቀፎ!

ወይ ንብ! ተመመ። ከርከሮው እሪ ብሎ ወደ ጫካ፣ ሽመክት ከማማው ዘሎ ወደ ወንዝ! አሥራ አምስት ቀን «ውረድ» ሲባል እምቢ ያለውን ሰው ንብ በአንድ ጊዜ አወረደው። ሳቁ፣ ሳቁ፤ እኔም ስቄያለሁ።

ብርቄ ወንዙ ዳር ደረሰች። የባሏ ፊት አብጦ ዓይኑ ጠፍቷል። በሳቅ ልትሞት ነው፤ እንባም ግን ቀላቅላለች።

«የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች አሉ። የማዶን ቅል የማይስት ሰውዬ፣ የጓሮህን ከርከሮ ሳትከው?» አለችው። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «እኔን ያስመረረኝ እኮ ከርከሮው ብቻ አይደለም። ስጠራህ ማዶ ማየትህ ነው» አለችው።

ሽመክት ከውሃው ሳይወጣ አፈረ። ቤት ገብቶ ሰሙን ፋቀ፣ ክሩን በጠሰ። ግን ጠመንጃውን አላነሳም፤ ገጀራውን ይዞ ወደ ጓሮ ሄደ። እሷ እሾህ እያቀበለችው ቀዳዳውን አብረው ደፈኑት። ለካ እጅ የሚደርስበት ርቀት ቀለበትም መነጽርም አይፈልግም፤ መውረድ ብቻ ነው የሚፈልገው።

ከሦስት ቀን በኋላ ከርከሮው ተመልሶ መጣና አጥሩን ሲገፋ ታየ። የሽመክት ዓይን ገና እንዳበጠ ነው። «ብርቄ፣ ስንት ሜትር ይመስልሻል?» አላት። «መቶ ነው፤ አዙረው» አለችው። አዞረው። አልሳተም።

እናንተስ ወገኖቼ፣ የእናንተ ቀለበት ስንት ላይ ታስሯል? የጎረቤት ልጅ ስንት ሰዓት እንደገባች እናውቃለን፤ የራሳችን ልጅ ለምን ዝም እንዳለች አናውቅም። ለለቅሶ አገር አቋርጠን እንሄዳለን፤ ግድግዳ ለግድግዳ ከምንኖረው ወንድማችን ጋር ከተኳረፍን ግን ዓመት ሞላን። እዚህ ስቆም አንደበቴ ማር ነው፤ ቤቴ ስገባ እንዴት እንደሆነ ባለቤቴን አትጠይቋት።

ሩቅ ማየት ኃጢአት ነው አላልኩም። ማዶ ያለውም የእግዚአብሔር ማሳ ነው። ኃጢአቱ ክሩ ነው፣ ሰሙ ነው፤ እልል የተባለልንን ቁጥር ይዘን መድረቃችን ነው።

ዛሬ ቤታችሁ ስትደርሱ አንድ ሰው ይጠራችኋል። «ቆይ» ከማለታችሁ በፊት ርቀቱን ገምቱ። ሁለት እርምጃ ከሆነ አታነጣጥሩ። ውረዱ። ንቡ ሳይመጣባችሁ ውረዱ።