ፈትያ በማትኖርበት ሰዓት

በአንድ ወቅት፣ ያውም ሩቅ ባልሆነ ወቅት፣ ሰው ስልኩን ከእጁ በማይለይበት ዘመን፣ ደሴ ላይ ፈትያ የምትባል የመዋዕለ ሕፃናት መምህርት ነበረች። የሚጥል በሽታ ነበረባት። እናቷ ሲጥላት አይተዋል፤ ወንድሞቿ አይተዋል፤ ጎረቤትም መንገደኛም አይቷል። በሽታዋን አይታው የማታውቀው እሷው ራሷ ብቻ ነች። ስትነቃ የምታገኘው ከላይዋ የተደፉ ፊቶችን፣ የተነከሰ ምላስና የክብሪት ሽታ ነው። ምን ሆና እንደነበር ለመጠየቅ ታፍራለች።

የሚጠብቋት እናቷ ነበሩ። እሳቸው ባረፉ ጊዜ ሐኪሙ ብቻዋን እንዳትኖር አጥብቆ አስጠነቀቀ፤ የተከራዩትም ቤት ለባለቤቱ ሊመለስ ሆነ። ሦስት ወንድሞች አሏት፤ ሦስቱም የየራሳቸው ቤት አላቸው፤ ሦስቱም ይወዷታል። ፍቅር ቢጎድል ኖሮ ነገሩ ቀላል በሆነ ነበር።

ታላቁ እንድሪስ ኪቦርድ ተጫዋች ነው፤ ያለ እሱ ሠርግ አይደምቅም። እህታችንን የጎዳት በሽታው ሳይሆን የከተማው አለማወቅና በየወሩ የሚያልቀው የጤና ጣቢያው መድኃኒት ነው ብሎ አመነ። ዘፋኞቹን ለምኖ፣ አዳራሹን በነፃ አስፈቅዶ፣ ገቢው ለመድኃኒትና ለነርሶች ሥልጠና የሚውል ኮንሰርት አዘጋጀ። ፈትያንም መድረክ ላይ ወጥታ እንድትናገር ጠየቃት። ስለ በሽታዋ ሌላው ሁሉ ሲያወራ ኖሯል፤ አንቺ ተናገሪ ያላት ግን የመጀመሪያው ሰው እሱ ነበር። ደስ አላት። ሕፃናቱን ለቀን እንቅልፍ ካስተኛች በኋላ በሹክሹክታ ትለማመድ ጀመር፦ እኔ ፈትያ ነኝ፤ የሚጥል በሽታ አለብኝ፤ ስወድቅ አትፍሩኝ።

ቀኑ ደረሰ፤ አዳራሹ ከአፍ እስከ ገደፉ ሞላ። መብራት የሚቆጣጠረው ሰውዬ መድረኩን አሳምራለሁ ብሎ መብራቱን ብልጭ ድርግም፣ ብልጭ ድርግም ያደርገዋል። ያ ሁሉ ሰው ለሚጥል በሽታ ተሰብስቦ፣ እንዲህ ያለ መብራት አንዳንዱን እንደሚጥል ያሰበ አንድም አልነበረም። ፈትያ ማይኩን ያዘች። «እኔ ፈትያ ነኝ» አለች፤ ሁለተኛውን ሳትጀምር ወደቀች።

ሦስቱ ወንድሞች ያደረጉትን ያደረጉት በዚያችው ቅጽበት ነው።

እንድሪስ ሙዚቃውን አላቆመም። ከፊት የተቀመጡት ክብሪት እያወጡ ወደ መድረኩ ሲነሱ አየ። ሙዚቃው ቢቆም አዳራሹ በሙሉ እላይዋ ላይ እንደሚፈስ ገባው። የመብራቱን ብልጭታ እንዲያቆሙ ጮኸ፤ ዘፋኙን ቀጥል ብሎ ጠቀሰው፤ እሱም ኪቦርዱን መምታቱን ቀጠለ። ሰው ተመልሶ ተቀመጠ፤ ኮንሰርቱም ተፈጸመ። ዛሬ ጤና ጣቢያው መድኃኒት አያጣም፤ የሠለጠኑ ነርሶችም አሉት። ከተማው ግን እህቱ ወድቃ ኪቦርድ የመታ ወንድም ይለዋል። ፈትያም ብትሆን ያንን ዜማ ስትሰማ ጆሮዋን ትይዛለች።

መካከለኛው ሰሚር ስልኩን አወጣ። ቲክቶክ ላይ ብዙ ተከታይ ያለው ልጅ ነው። ከወደቀችበት እስክትረጋጋ ቀረጸ፤ በረጋ ድምፅም ክብሪት አታሽትቱ፣ አፏ ውስጥ ምንም አትክተቱ፣ በጎኗ አስተኝታችሁ ጠብቁ እያለ አስረዳ። ገና ሳትነቃ ለቀቀው። አገር ተቀባበለው። አንዲት እናት ከመቱ ከተማ፣ ልጄ ሲወድቅ ክብሪቱን ጥዬ በጎኑ አስተኛሁት፣ አላህ ይስጥህ ብላ ጻፈች። የፈትያ ተማሪዎች እናቶችም ግን አዩት፤ ርዕሰ መምህርቷ ለጊዜው እረፍት ውሰጂ ብላ ሸኘቻት።

ታናሹ ጀማል ዘሎ መድረኩ ላይ ወጣ። ኮቱን አውልቆ በሰውና በእሷ መካከል ጋረደ፤ በጎኗ አዞራት፤ ክብሪት የያዙትን አባረረ፤ ሲለቃትም ተሸክሞ በጓሮ በር አወጣት። ስትነቃ ከሌላው ጊዜ የተለየ ነገር አገኘች፤ የአንድ ሰው ፊት ብቻ። ያን ቀን እሱን እያመሰገነች አለቀሰች። ይኸው ጀማል ግን ከኮንሰርቱ በፊት ለትምህርት ቤቱ ደም ማነስ ነው ብሎ የተናገረው ሰው ነው፤ ምስጢሯን ሊጠብቅላት ብሎ። ያኔ አንድ ቀን ክፍል ውስጥ ስትወድቅ፣ መምህራኑ ደም ማነስ መስሏቸው ስኳር የበዛበት ሻይ አፏ ውስጥ አፈሰሱ። ታንቃ ልትሞት ነበር፤ ሳንባዋም ታሞ ብዙ ሰነበተች።

ፈትያ ቪዲዮውን አየችው። ዕድሜ ልኳን አንገቷን ያስደፋትን ነገር በእጇ ይዛ አየችው። ዓይኗ የተገለበጠ፣ ቀሚሷ ከጉልበቷ በላይ የወጣ ሴት። ያቺን ሴት አላወቀቻትም፤ ስታውቃት ደግሞ ጠላቻት። ሰሚርን አስጠራችው።

«አጥፋው» አለችው።

«ስንት ልጅ ይተርፍበታል» አላት። ከዚያ ስልኩን እጇ ላይ አስቀመጠላት። «አጠፋለሁ ካልሽ አጥፊው።»

ጣቷን አቀረበች። የመቱዋን እናት ጽሑፍ እንደገና አነበበች። አላጠፋችውም፤ ባለማጥፋቷም ተናደደች። እንኳን ሌላውን፣ ራሷንም እንቢ ማለት አቃታት። ያቺን የተለማመደቻትን ንግግር ከእንግዲህ የሚጠይቃት የለም፤ ሁሉም ሰው አይቷል።

በመጨረሻ የእናታቸው ወንድም ሼህ ይማም ሦስቱንም ሰበሰቡ፤ ፈትያን አጠገባቸው አስቀመጡ። ማን ዘንድ እንደምትኖር ዛሬ ይለይ አሉ።

እንድሪስ «ጋሼ እያልሽኝ ነው ያደግሽው» ብሎ ጀመረና ዝቅ ባለ ድምፅ «የምትውጪው መድኃኒት እንዳይቋረጥ ያደረግሁት እኔ ነኝ» አለ።

ሰሚር «የትም ብትወድቂ የሚያነሳሽ ሰው እንዲያውቅ ያደረግሁት እኔ ነኝ» አለ።

ጀማል ብዙ አላወራም። «እኔ ቤት ማንም አያይሽም» አለ።

ፈትያ በሦስቱም ንግግር ልቧ ተነካ፤ በሦስቱም ደነገጠች። ሼህ ይማም እጇን ያዙ። «አብሽሪ ልጄ። የምትመርጪው አንቺ ነሽ» አሏት።

ልትመልስ ስትል አፏ ውስጥ የብረት ጣዕም መጣ። ሊጥላት ሲል የሚመጣው ይሄ ነው። ከዚህ በኋላ እሷ አትኖርም፤ ገላዋ ብቻ ይቀራል፤ ገላዋን የሚያየው፣ የሚነካው፣ ስለ እሱ የሚወስነው ሌላ ሰው ነው። ቀና ስትል ሦስቱም ወንድሞቿ ወደ እሷ ተነስተዋል። አንዱን በስሙ ልትጠራ ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ፤ ድምፁ ግን አልወጣላትም።

እኔ እዚህ ጋ አቆማለሁ፤ ምክንያቱም ከዚህ በላይ ያለውን እሷም አታውቀውም። እንግዲህ ተከራከሩበት፤ ስትፈርዱ ግን የወደቃችሁት እናንተ እንደሆናችሁ አድርጋችሁ ፍረዱ። ያቺን ሴት፣ ራሷን በማታውቅበት ሰዓት፣ አደራ ሊቀበል የሚገባው ከሦስቱ የትኛው ነው?