ተረኛዋ ሳትሄድ የቀረችበት ጠዋት

የሺመቤት ልጄ፣ ወንድምሽ ከመኪናው አደጋ ወዲህ አስታማሚ ሳያጣ ለምን አልሻል አለው ብለሽ ጠየቅሽኝ። የምነግርሽን የአንድ ሰው ታሪክ ከሰማሁት ቆይቷል፤ የተሰበረው የሰውየው ቀኝ እግር ይሁን ግራው እንኳ እርግጠኛ አይደለሁም። ካሳሳትሁሽ ይቅር በይኝ።

አንድ ሰው ነበረ። ገበሬ ነው፤ ሚስቱ ሞታበታለች፣ ልጅ የለውም። ዛፍ ሲቆርጥ ግንዱ ወደቀበትና ጭኑ ተሰበረ። ሐኪም ቤት ተኝቶ፣ እግሩ ታስሮለት ወጣ። ሐኪሙ «አጥንቱ እስኪገጥም ካልተጠነቀቃችሁለት እንዳነከሰ ይቀራል፤ ዳግመኛ እርፍ አይጨብጥም» ብሎ ነበር።

ጎረቤቶቹ ስለሚወዱት፣ በወንፈል እንደሚያርሱት ሁሉ ማስታመሙንም በተራ ያዙት። ተረኛው አድሮ ሲነጋ ወደ ሥራው ይሮጣል፤ ተከታዩ የሚደርሰው እሱ ከሄደ በኋላ ነው። አንዱ እግሩ እንዳይደርቅ ብሎ ደግፎ ያስነሳዋል። ሌላው ማሰሪያው የጠበቀ መስሎት ያላላለታል፤ ቀጥሎ የመጣው ላልቷል ብሎ ያጠብቀዋል። መድኃኒቱንም ሰጥተውታል እየተባለ የሚታለፍበት ቀን ነበር። በሽተኛው ይሉኝታ ያጠቃው ሰው ነውና ለሁሉም «እግዜር ይስጥልኝ» ይላል እንጂ ማንንም እምቢ አይልም። እግሩ አብጦ ያቃጥለው ጀመር።

አንድ ቀን ተረኛዋ ጠላ ሻጭ ጎረቤቱ ነበረች። ነግቶም አልሄደችም። ተከታዩ ጎረቤት ሲገባ አልጋው አጠገብ ተቀምጣ አገኛት።

«ምነው እስካሁን? ዛሬ ጠላሽን ማን ሊሸጥልሽ ነው?» አላት።

«ዋናው ጠጪዬ እዚህ መጥቶ ለማን እሸጣለሁ? ይልቅ ተቀመጥ። በወንፈል በሬ ስትቀበል ትልሙ የት ላይ እንደቆመ ትጠይቅ የለም?»

«እጠይቃለሁ።»

«የሰው እግር ስትቀበልስ ምነው አትጠይቅ?»

ጎረቤቱ ተቀመጠ። እሷም ምን እንደበላ፣ መድኃኒቱን መቼ እንደዋጠ፣ የት የት እንዳመመው በበሽተኛው ፊት ነገረችው። ከዚያ ወደ በሽተኛው ዞራ «የረሳሁት አለ?» አለችው።

«እሱስ... ትናንት ስታስነሺኝ ሕመሙ በርትቶብኝ ነበር» አለ፣ እያፈረ።

«ይሄንንም ያዝልኝ» አለችው ጎረቤቱን።

እግሩ እየባሰበት እንደሆነ ሲገባቸው በዚያው ዕለት በቃሬዛ ወደ ሐኪም ቤት መለሱት፤ እንደገና ታሰረለት። ከዚያ ወዲህ ተከታዩ ደርሶ ሁሉንም ሳይሰማ ከዚያ ቤት የሚወጣ ተረኛ አልነበረም።

የሺመቤት፣ ወንድምሽም እንደዚያ ሰው ነው፤ አንቺና እህቶችሽም እንደ ጎረቤቶቹ ናችሁ። ፍቅራችሁ አላነሰም። ግን አንዳችሁ ስትገባ ሌላዋ ወጥታለች፤ የሚጎዳው በመካከላችሁ ባለው ክፍተት ነው። ነገ እህትሽ ሳትመጣ አትውጪ። እሱ እየሰማሽ ንገሪያት፤ የተሳሳትሽው ካለ ያርምሽ።

ሰውየውስ አረሰ ወይ ትይኝ ይሆናል። ወሬውን ለመጨረሻ ጊዜ የሰማሁት በሰኔ ሚካኤል ማግስት ነው። ማሳው ላይ በምርኩዝ ቆሞ፣ የሚያርስለትን ጎረቤት «በሬዬን አታጣድፈው» እያለ ሲቆጣው አረፈደ አሉኝ። በኋላም ምርኩዙን ጎረቤቱን አስይዞ እርፉን ራሱ ጨበጠ።