ጥላው የተቆረጠበት ድልድይ

አንድ ሰው ነበር። ሥራው በትልቅ ቴሌቪዥን የሚታየውን የቪዲዮ ጨዋታ በመዳፍ ለሚያዝ ትንሽ መሣሪያ እንዲስማማ አድርጎ ማሳነስ ነው። የትንሹ መሣሪያ አቅም ውስን ስለ ሆነ ሁሉን አይሸከምም፤ የሚቆረጥ ይኖራል። ምን ይቆረጥ? ምንስ ይትረፍ?

ጨዋታው እየዘለሉና እያሰቡ መንገድ የሚፈልጉበት ነው። በመጨረሻው አዳራሽ ገደል አለ። በገደሉ ላይ የተዘረጋው ድልድይ ለዓይን አይታይም፤ ያለበትን ስፍራ የሚያሳውቀው ከታች ባለው ውኃ ላይ የሚያርፈው ጥላው ብቻ ነው። ጥላውን ያስተዋለ ይሻገራል።

ሰውዬው ጥላዎችን ሁሉ ከጨዋታው ባንድነት አነሣ። መሣሪያው ቀለለው፤ ጨዋታው ሳይንቀራፈፍ ይሄድ ጀመር። ራሱ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ተጫወተው፤ ምንም አላደናቀፈውም። በማግስቱ በስሙ ሊያስረክብ ተዘጋጀ።

ሥራውን የምትፈትሸው ወለላ የምትባል ወጣት ግን ጠረጠረች።

«ጋሼ፣ እንዲህ የቀለለው ከምን የተነሣ ነው?»

«ከሙያ።»

«እኔ መጨረሻው ገደል ላይ ቀርቻለሁ። እየወደቅሁ፣ እየወደቅሁ ገደሉን እንደ ቤቴ ለመድሁት።»

«እኔ ተሻግሬአለሁ። ጣትሽ ቢሰንፍ መሣሪያው ምን ያድርግ?» አላት። እርሱም በተራው ጠረጠራት፤ ሥራዬን ልታስነቅፍ ነው ሲል በልቡ አሰበ።

«እንግዲያው ዓይንዎን ጨፍነው ይሻገሩልኝ።»

ሳቀ። ጨፈነ። ጣቶቹ በለመዱት ስፍራ ዘለሉ፤ ተሻገረ።

«አዩ ጋሼ» አለች ቀስ ብላ፤ «እርስዎ የሚሻገሩት አይተው አይደለም። ዛሬ የሚጀምረው ሰው በምን ይሻገር?»

ዓይኑን ገልጦ ውኃውን አየ። ጥላ የለም። ርክክቡን ለሌላ ቀን አስተላለፈ፤ የድልድዩንም ጥላ መለሰ። ለእርሱ ስፍራ እንዲገኝ ግን አብዝቶ ይመካባቸው የነበሩትን፣ ከበስተ ጀርባ የሣላቸውን ተራሮች ቆረጠ።

እናንተስ፣ ወገኖቼ? ከሰፊ ግቢ ወደ ጠባብ ኮንዶሚኒየም፣ ከሰፊ ጊዜ ወደ ጠባብ ጊዜ ስትሸጋገሩ ምን ቆረጣችሁ?

«ጾሙን አልተውንም» ትሉኛላችሁ። አምናችኋለሁ። የማላምነው መቅለሉን ነው። ከጾሙ አስቀድሞ ከጎረቤት ጋር መታረቁስ? በማዕድ ፊት ቆሞ፣ ስለ ምን እንደምትጾሙ ለልጆች መንገሩስ? ጊዜ ይፈጃል ብላችሁ ቆረጣችሁት። ቤታችሁም ያለ እንቅፋት ዋለ።

ያልተደናቀፋችሁት እናንተ ናችሁ። በአባቶቻችሁ ቤት ጥላውን አይታችሁ ስለ ተሻገራችሁ፣ ዛሬ ዓይናችሁን ጨፍናችሁም ትጾማላችሁ። ልጃችሁ የሚያየው ግን ባዶ ሰሐን ነው። ሰሐኑ ለምን ባዶ እንደ ሆነ ማን ነገረው?

ስፍራ ጠበበን አትበሉኝ። የምትመኩበትን ተራራ ፈልጉና እርሱን ቁረጡ። ልጃችሁ ከገደሉ አፋፍ ቆሞ ውኃውን እያየ ነው።