ሁለት ስፒከር ብቻ የተናገረበት ሳሎን

አቶ ልሳነወርቅ የአንድ መሥሪያ ቤት ኃላፊ ናቸው። እሑድ ከሰዓት አዲሱን የቤት ሲኒማቸውን ሊያሳዩ ሠራተኞቻቸውን ጋበዙ። ሳሎኑን ከከበቡት አምስት ስፒከሮች ግን የሚሰሙት የፊተኞቹ ሁለቱ ብቻ ሆኑ። ኃላፊው አፍረው ከሰፈር አንዲት ቴክኒሻን አስጠሩ።

ቴክኒሻኗ ፊልሙን ከኢንተርኔት የሚያመጣውን ሳጥን ስትፈትሽ፣ ድምፁን አጉልቶ ለስፒከሮቹ ወደሚያከፋፍለው አምፕሊፋየር የሁለት ስፒከር ድምፅ ብቻ እንዲልክ ተደርጎ አገኘችው።

"ይህን ማን ነካካው?" ብላ ጠየቀች።

"እኔ ነኝ! እስቲ ጥፋተኛው እርስዎ ነዎት በይኝ፤ በዚህ ከተማ ሥራ አታገኚም!" ብለው ኃላፊው ጮኹባት። ከሠራተኞቹ አንድም ሰው ትንፍሽ አላለም።

ቴክኒሻኗ ሳጥኑን አስተካክላ አምስቱም ስፒከሮች እንዲናገሩ ካደረገች በኋላ፣ ሠራተኞቹን ዞር ብላ አየቻቸው።

"ኧረ ጌታዬ፣ እርስዎ ምን አጠፉ?" አለች። "እርስዎ ባሉበት ሁለቱ እንኳ መናገራቸው ትልቅ ድፍረት ነው።"